«መጋኛ ነው» ስንል ያለፉት 12 ሰዓታት

አባዬ ሠላሳ ዓመት ያህል ከአቃቂ ፋብሪካዎች በአንዱ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እጁ አይሳሳትም። የተበላሸ ሬዲዮ፣ የቆመ የልብስ ስፌት መኪና፣ የጎረቤት የውኃ ፓምፕ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የቡናው ሲኒ ከቀኝ እጁ ወድቆ ሲሰበር ሁላችንም ሳቅን። እማዬ «ዛሬስ እንቅልፍህን አልጨረስክም» አለችው። ሊመልስላት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም፤ እንደ ሰከረ ሰው የተንተባተበ ድምፅ ነው። ያኔ ነው ፊቱን ያየሁት። የአፉ አንድ ጎን ወደ ታች ወርዷል።

ያንን ጠዋት ደጋግሜ ሳስበው፣ ምልክቶቹ በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፊት ለፊታችን ነበሩ። እጅ፣ ፊት፣ አንደበት። እኛ ግን አላወቅናቸውም። የጎረቤታችን እናት መጥተው «መጋኛ ነው፤ በሩን ዝጉት፣ ጤና አዳም አሽቱት» አሉ። ሌላው ጎረቤት «ግፊቱ ተነስቶበት ነው፣ ትንሽ ይተኛ» አለ። አጎቴ በስልክ «ንፋስ መትቶት ይሆናል» አለን። እኔስ? ስማርትፎን በኪሴ የያዝኩት፣ የተማርኩት ልጅ? ስልኬ ላይ «የአፍ መጣመም» ብዬ ፈለግኩና የፊት ማሳጅ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘሁ። ለእማዬ አሳየኋት። አባዬን አስተኛነው። እስኪሻለው ጠበቅን።

አልተሻለውም። 6 ሰዓት ላይ ቀኝ እግሩም እምቢ አለ። የሰፈር ሚኒባስ ለምነን ወጣን። መጀመሪያ የገባንበት ክሊኒክ ግሉኮስ ሰቀለለት፤ ሁለት ሰዓት እዚያው ቆየን። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልን። ሆስፒታሉ ደግሞ ሲቲ ስካኑ እንደማይሠራ ነገረንና ወደ ሌላ ላከን። የቃሊቲን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ወደ ጅቡቲ የሚወጣውም ከጅቡቲ የሚገባውም ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት መንገድ ነው። የአባዬ አንጎል ምስል የተነሳው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሲኒው ከወደቀ ልክ 12 ሰዓት ሆኖት ነበር።

ምስሉን ያየችው ወጣት ሐኪም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን። «መቼ ነው የጀመረው?» ነገርናት። አልተቆጣችንም። ዝም አለችና «የረጋ ደም ነው፤ ጊዜው ግን አልፏል» አለች። በቃ፣ ይኼው ነው።

አባዬ በሕይወት አለ፤ ተመስገን። ቀኝ እጁ ግን አይሠራም። የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ቃል ግን አይወጣውም። የሚፈልገውን በግራ እጁ ስልኬ ላይ ፎቶ እየመረጠ ያሳየኛል። እህቴ እሱን ለመጠበቅ ብላ ሥራዋን ለቃለች። በኋላ መሳቢያውን ስንከፍት ደግሞ የሦስት ዓመት ወረቀት አገኘን። ጤና ጣቢያ የደም ግፊት እንዳለበት ተነግሮት፣ ክኒን ታዞለት ነበር። ሁለት ወር ወስዶ «ደህና ነኝ» ብሎ ትቶታል። ለማናችንም አልነገረንም። እኛም አልጠየቅነውም።

ይህን የምጽፈው ለቅሶ እንድትደርሱኝ አይደለም። በዚያ ቀን የጠፋው ነገር ብዙ ባለቤት ስላለው ነው። ከፊሉ የእኛ የቤተሰቡ ነው፤ ከፊሉ የሕክምና ሥርዓታችን ነው። ትልቁ ክፍል ግን ማንም ቆጥሮት ስለማያውቅ ማንም የማይጠየቅበት ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

መጀመሪያ ግን በሽታውን እንተዋወቀው። ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ ወይም የአንጎል የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የመዘጋት ነው፤ የአባዬም እሱ ነበር። ሁለተኛው የመድማት ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም፤ ያው እጅ ይዝላል፣ ያው አፍ ይጣመማል። የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው። መለየቱ ደግሞ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ለተዘጋው የሚሰጠው ደም የሚያቀልጥ መድኃኒት ለሚደማው ሰው መርዝ ነው። «አስፕሪን ስጡት» የሚል ጎረቤት ቢመጣባችሁ እሺ አትበሉት። ምስል ሳይነሳ የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

የረጋውን ደም የሚያቀልጠው መድኃኒት አልቴፕሌዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት፣ ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ያገኙ ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ ያለ አካል ጉዳት ወይም በጥቂት ጉዳት የመገኘት ዕድላቸው ቢያንስ በ30 በመቶ የበለጠ መሆኑን አሳየ። በ2008 ደግሞ የአውሮፓ ጥናት በሩ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ክፍት መሆኑን አረጋገጠ። በእኛ ሰዓት እንቁጠረው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለጀመረው ለአባዬ በሩ የሚዘጋው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። እኛ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ጤና አዳም እያሸተትነው ነበር። የደም ሥሩ በተዘጋ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ የአንጎል ሕዋስ እንደሚሞት ተመራማሪዎች አስልተዋል። በደቂቃ ነው እንጂ በሰዓት አይደለም።

«ይኼ የሽማግሌ በሽታ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» የምትሉ አላችሁ። ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አዲስ ስትሮክ ይመታዋል፤ ከ6 ሚሊዮን ተኩል የማያንስ ሰው ይሞትበታል። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በላይ ከሆኑ አራት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ስትሮክ ያገኘዋል ተብሎ ይገመታል። ከሞቱና ከጉዳቱ አብዛኛው ድርሻ ያለው እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ ወጣቱን የሚመታበት የራሱ መንገድ አለው። በልጅነት «ቶንሲል ነው» ተብሎ የታለፈ የጉሮሮ ሕመም የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል። የተበላሸው ልብ ምቱ ሲዛባ ደም ያረጋል፤ የረጋው ደም ተነስቶ አንጎል ውስጥ ይሰነቀራል። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ስትሮክ ሲመታት ሰፈሩ «ዓይን ነው» ይላል። የልብ በር መሆኑን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

በሽታው ለአገራችን አዲስ አይደለም። የታሪክ ትምህርት የወደዳችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክን ከዙፋናቸው ላይ ያስተኛቸው ጦር አልነበረም፤ ስትሮክ ነው። ከተደጋጋሚ ሕመም በኋላ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከባዱ ምት ደረሰባቸው፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸው ተያዘ። እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ አልጋ ላይ ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ አገሩን ለማስተዳደር ሞከሩ፤ በዚያው በ1902 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከሥልጣን ተገለሉ። የልጅ ኢያሱ ዘመንና ያን ተከትሎ የመጣው ሽኩቻ ሁሉ ከዚያ አልጋ ዙሪያ የጀመረ ነው። የአንድ ሰው አንጎል ውስጥ የሆነ ነገር የአገር አቅጣጫ ቀየረ። በቤተ መንግሥት የሆነው በእኛም ቤት ሆነ፤ የቤቱ ምሰሶ ሲወድቅ ሌላው ሁሉ ቦታውን ይለቃል። እህቴን ጠይቋት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባዬ በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ ስትሮክ ከመታቸው ስንት ሰዎች አንዱ ነው? ስንቶቹ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሆስፒታል ደረሱ? ስንቶቹ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ተላኩ? ስንቶቹ ግፊት እንዳለባቸው ቀድሞ ተነግሯቸው ክኒኑን ትተው ነበር? እነዚህ ከባድ ጥያቄዎች አይደሉም። መዝጋቢ ነው የሚፈልጉት።

ጥናት የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሌሎችም ሆስፒታሎች ሐኪሞች ስለ ስትሮክ ሠርተው አሳትመዋል። ታሪካቸው ይመሳሰላል። ቀዳሚው መንስኤ ያልታከመ የደም ግፊት ነው፤ በሽተኛው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ችግሩ አብዛኞቹ የአንድ ሆስፒታል፣ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ወረቀቶች መሆናቸው ነው። አንዱ ሐኪም ፋይል ሰብስቦ ይጽፋል፣ ያሳትማል፣ ያበቃል። ሌላው በሌላ ከተማ ከዜሮ ይጀምራል። ሆስፒታል ሳይደርስ ቤቱ የሞተው ደግሞ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። የእኛ ሰፈር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው ቤቱ ነው።

ኔትወርክ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ኔትወርክ ስል የስልካችንን አይደለም፤ ሆስፒታሎችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ አምቡላንሶችንና ጤና ጣቢያዎችን በአንድ መዝገብና በአንድ ጥያቄ የሚያስተሳስር አገራዊ የምርምር መረብ ነው። ቅንጦት ይመስላል አይደል? እስቲ ሌሎች ምን እንዳደረጉ እንይ።

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳ ስትሮክ ኔትወርክ የሚባል አቋቋመች፤ እስከ 2014 ሠርቷል። ሳይንቲስቶችን ብቻ አይደለም ያሰባሰበው። የበሽተኞች መዝገብ ከፈተ፤ ማን መቼ ደረሰ፣ ምን ተደረገለት፣ ምን ሆነ ብሎ ቆጠረ። ከቁጥሩ ተነስቶ ለሐኪሞች አገር አቀፍ የሕክምና መመሪያ አወጣ። ከዚያም ከሆስፒታል ወጥቶ ምግብ ፋብሪካዎች ውስጥ ያለውን ጨው እንዲቀነስ ሞገተ። ልብ በሉ፣ ከአንጎል ምርምር ተነስቶ ጨው ላይ ደረሰ። መረብ ማለት ይኼ ነው።

ለንደን ደግሞ በ2010 ሌላ ነገር አደረገች። ስትሮክ ወደ 30 በሚሆኑ ሆስፒታሎች ተበታትኖ ይታከም ነበር። በ8 ልዩ ማዕከላት አሰባሰቡት። አምቡላንሱ ቅርብ ያለውን ሆስፒታል አልፎ ዝግጁ ወደሆነው በቀጥታ እንዲሄድ ተደረገ። በኋላ ሲጠና በዓመት 96 ያህል ተጨማሪ ሰዎች ከሞት መትረፋቸው ታወቀ። የአባዬን መንገድ ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ክሊኒክ፣ ሆስፒታል፣ ሌላ ሆስፒታል። «ሲቲ ስካኑ የሚሠራው የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በዚያ ቀን የመለሰው በየበሩ እየሄደ የጠየቀው የእኔ እግር ነው።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ አፍሪካ እንምጣ። ናይጄሪያና ጋና ውስጥ ሳይረን የተባለ የስትሮክ ምርምር መረብ አለ። የሁለቱን አገር ሆስፒታሎች አስተሳስሮ ስትሮክ የመታቸውን 2,118 ሰዎች ካልመታቸው እኩል ቁጥር ካላቸው ሰዎች ጋር አነጻጸረ፤ ውጤቱን በ2018 አሳተመ። መሪው ምክንያት የደም ግፊት ነው። ይኼ አያስገርምም። የሚያስገርመው የቀረው ዝርዝር ነው። ማዕድ ላይ ጨው መጨመር፣ ሥጋ ማዘውተር፣ ጭንቀት፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ እና አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል አለመብላት! በእኛ ቋንቋ ጎመን ማለት ነው። ይህን የነገራቸው ከአውሮፓ የተቀዳ መጽሐፍ አይደለም፤ የገዛ ሕዝባቸውን ጠይቀው ነው ያገኙት።

የእኛስ ጥናት ምን ይነግረን ነበር? ጎመን ብሉ ማለት ቀላል ነው። አቃቂ ውስጥ ግን ጎመኑ የሚጠጣው የአቃቂን ወንዝ ነው። ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ ጋር በተቀላቀለው ወንዝ የሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶች አግኝተውባቸዋል። ለጋና ጤና የሆነ ምክር ለአቃቂ በምን መልክ መሰጠት አለበት? የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከቃሊቲ ተነስቶ ቀንና ሌሊት የሚነዳ የከባድ መኪና ሾፌር ግፊቱ ስንት ነው? ክኒኑን መቼ ይወስዳል? መልሱን ናይጄሪያዊ አያመጣልንም።

እኛ አንችልም እንዳትሉ ደግሞ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአገራችን ቀደምት የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሰው የሸፈነ የነርቭ በሽታዎች ጥናት ሠሩ። ያኔ ስማርትፎን የለም፤ በአካባቢው መንገድም ብዙ አልነበረም። የሰለጠኑ የአካባቢው ሰዎች በእግራቸው እየሄዱ ጠየቁ፣ ሐኪሞቹ ተከትለው መረመሩ። የሚጥል በሽታ ምን ያህል እንደበዛና አብዛኞቹ ሕመምተኞች ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ የታወቀው በዚህ ነው። በደርግ ዘመን፣ በወረቀትና በእርሳስ ተችሏል። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ ዲጂታል መዝገብ አለን፤ በኪሳችን ኮምፒውተር አለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነርቭ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ እያሰለጠነ ነው። እንደ አክሶን ያለ ለስትሮክ የተቋቋመ የግል ማዕከልም በከተማችን ሥራ ጀምሯል። ፍሬዎቹ አሉ፤ የጎደለው ክሩ ነው።

አንድ ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ልደብቀው አልፈልግም። አንድ ጓደኛዬ ሐኪም ነው። ይህን ሁሉ ስነግረው እንዲህ አለኝ፦ «እሺ፣ አባትህ 2 ሰዓት ላይ ቢደርሱስ ኖሮ? መድኃኒቱ የብዙ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ የለም። ሰውን ቶሎ ኑ ብለህ ጠርተህ ባዶ እጅህን ልታሳየው ነው?» ዝም አሰኘኝ። እውነቱን ነው። አባዬ ቶሎ ቢደርስ ኖሮ ዛሬ ይናገር ነበር ብዬ ልምልላችሁ አልችልም።

ግን ሳስበው ዙሪያ ጥምጥሙ ይኼ ነው። ሆስፒታሉ «በሽተኛ በሰዓቱ ስለማይመጣ መድኃኒቱን ገዝቼ ለምን ጊዜው ይለፍበት?» ይላል። ሰው ደግሞ «ሄጄ ምን ሊያደርጉልኝ?» ብሎ ቤቱ ይተኛል። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ቁጥር ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ በወር ይህን ያህል ሰው ይመታል፣ ይህን ያህሉ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ደርሷል የሚል መዝገብ ሲኖር፣ ጤና ቢሮ ስንት ብልቃጥ መድኃኒት የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። አምቡላንሱም ወዴት እንደሚያቀና ያውቃል። ያልተቆጠረ ነገር በጀት አይመደብለትም፤ የመሥሪያ ቤት ሕግ ነው።

ሌላ ተቃውሞም አለ። «ወባ እያለ፣ በወሊድ የምትሞት እናት እያለች፣ ስለ ስትሮክ ምርምር ታወራለህ?» የሚል። ይኼኛው አይዋጥልኝም። እናት የምታስታምመው፣ ሴት ልጅ ሥራ የምትለቅለት በሽታ የእናቶችም ጉዳይ ነው። ደግሞም የስትሮክ ዋናው መከላከያ ውድ አይደለም። የደም ግፊት ክኒን ከመድኃኒት ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው፤ ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። ታክሲ ውስጥ 12 ሰው ከተሳፈረ ሁለቱ ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ አያውቁትም፤ ግፊት አያምማ! አባዬም «ደህና ነኝ» ያለው ዋሽቶ አይደለም። ደህና ነበር የሚሰማው።

ስለዚህ ከጤና ሚኒስቴርና ከከተማው ጤና ቢሮ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስትሮክ የሚታከምባቸው የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች በሙሉ የሚሞሉት አንድ አገራዊ መዝገብ ይኑር፤ ባለቤቱ ይታወቅ፤ ውጤቱ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። ዓለም የስትሮክ ቀንን የሚያስበው ኦክቶበር 29 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 19። በዚያ ቀን ከባነርና ከቲሸርት ይልቅ ቁጥሩን ስጡን። ሁለተኛ፣ የትኛው ሆስፒታል ሲቲ ስካኑ ዛሬ እንደሚሠራ አምቡላንስ የሚያሰማራው ሰው በስክሪኑ ላይ ይይ። የታክሲ መተግበሪያ ሾፌሩ የት እንዳለ በሰከንድ በሚያሳየን ከተማ ይኼ አይከብድም። ሦስተኛ፣ የግፊት መለኪያው ሰው ወዳለበት ይሂድ። አቃቂ ላይ ፋብሪካ በር፣ ቃሊቲ ላይ የከባድ መኪኖች ማቆሚያ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ላይ ኮንዶሚኒየሙ መሀል። አራተኛ፣ ግፊት ተገኝቶበት ክኒን የጀመረ ሰው ሲጠፋ የሚፈልገው ይኑር። ለአባዬ በሁለተኛው ወር አንድ የስልክ ጥሪ ቢደወልለት ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ከእናንተስ? ይህን በስልካችሁ የምታነቡት ልጆች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ከሁሉም ቀላል ነው፤ ከሁሉም ደግሞ ቀዳሚ ነው። መረቡ የሚጀምረው ሆስፒታል አይደለም፤ ሲኒው የወደቀበት ክፍል ውስጥ ነው።

አራት ቃል ያዙልኝ፦ ፊት፣ እጅ፣ አንደበት፣ ሰዓት። ፈገግ በል በሉት፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ፊት። ሁለት እጅህን አንሳ በሉት፤ አንዱ ከወረደ እጅ። አንድ አረፍተ ነገር ድገም በሉት፤ ከተንተባተበ ወይም ትርጉም ከሌለው አንደበት። ከሦስቱ አንዱ ከታየ ስልካችሁን አውጡና መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ። ምልክቱ ያልነበረበት የመጨረሻ ሰዓት ስንት ነበር? ሐኪሙ ከምንም በፊት የሚጠይቃችሁ ይህን ነው። ከእንቅልፉ እንዲህ ሆኖ ከተነሳ፣ የሚቆጠረው ደህና ሆኖ ከተኛበት ሰዓት ጀምሮ ነው።

ከዚያ ደውሉ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939 የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ነው። እየጠበቃችሁ በጎኑ አስተኙት። ውኃም ሆነ ምግብ አትስጡት፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስፕሪንም የግፊት ክኒንም በራሳችሁ አትስጡ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ፎቶ አንሱ። መኪና ቶሎ ከተገኘ አምቡላንስ አትጠብቁ፤ ግን መንገድ ላይ ሆናችሁ ወደ ሆስፒታሉ ደውሉና «ሲቲ ስካን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቢጠፋም ሂዱ። ያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ትልቁ ከኋላው ሊመጣ ይችላል።

ለጎረቤት እናቶቻችን ደግሞ በክብር ንገሯቸው። ጠበሉ ይደርሳል፤ ጸሎቱ መኪና ውስጥም ይደረጋል። ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። እንዲህ ስትሏቸው ይሰማሉ። የእኛዎቹ እናት አሁን በሰፈሩ ስለ ፊት፣ እጅ፣ አንደበት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ከወራት በፊት ሁለት ቤት አልፎ ያለ ሰው ሲወድቅ «መጋኛ አይደለም፣ መኪና ጥሩ!» ብለው የጮኹት እሳቸው ነበሩ። ሰውየው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ደረሰ። የመድማት ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ግፊቱን ቶሎ አወረዱለት። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል።

የመጨረሻው ነገር ይኼ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አባታችሁን ወይም እናታችሁን «ግፊትህን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካኸው መቼ ነው?» «ክኒንሽን እየወሰድሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተለኩ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ እናንተም እዚያው ተለኩ። ከ140 በ90 በላይ ከሆነና በድጋሚ ልኬት ከጸና፣ ክኒኑ የሚወሰደው ሲያም ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ ነው። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉላቸው። «ምን አስጨነቀህ» ቢሏችሁ ስቃችሁ እለፉት።

እኔ አልጠየቅኩም ነበር። አሁን በየማታው 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮሃል። አባዬ ድምፁን ሲሰማ በግራ እጁ ወደ ክኒኑ ይጠቁመኛል። አንድም ቀን አሳልፈን አናውቅም።